«በትርፍ ጊዜዎ ይማሩ» ሲሉን፣ ትርፉ ጊዜ የቱ ነው?

መስከረም ሲጠባ ቴሌግራም ላይ ከአደይ አበባ ቀድሞ የሚፈካው የኮሌጅ ማስታወቂያ ነው። «ምዝገባ ላይ ነን! ኮምፒውተር ሳይንስ በማታ፣ በቅዳሜና እሁድ፣ በርቀት፣ በኦንላይን። ሥራዎን ሳይለቁ፣ በትርፍ ጊዜዎ ዲግሪዎን ይያዙ!» ከሥሩ ላፕቶፕ ታቅፋ የምትስቅ ልጅ ፎቶ አለ። ስልክ ቁጥር አለ። የመመዝገቢያው ብር አለ። አንድ ነገር ብቻ የለም፦ ይህ ዲግሪ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚበላ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስለጎደለው ቁጥር ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተመረቅኩት። አሁን ደግሞ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ፣ በቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ከዳር ቆሜ አይደለም። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር፦ ሥራ እየሠሩ መማር ትልቅ ነገር ነው፣ ለብዙዎቻችንም ያለን ብቸኛ በር ነው። ግን በሩን የሚሸጡልን ሰዎች ክፍያውን በብር ብቻ እየነገሩን፣ በሰዓት የሚከፈለውን ይደብቁናል። የኮምፒውተር ትምህርት ደግሞ ዋነኛ ክፍያው ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ጥቅሙን እንቁጠር

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሁሉ የማይረሳው አንድ ሐሳብ አለ፤ ኦፖርቹኒቲ ኮስት። በቀላሉ፣ አንዱን ስትመርጡ የምትተዉት የሌላው ዋጋ ማለት ነው። ወር ጠብቆ 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው ሥራውን ትቶ ለ4 ዓመት መደበኛ ተማሪ ቢሆን፣ የሚያጣው ደመወዝ ብቻ 480,000 ብር ነው። ጭማሪውንና የሥራ ልምዱን ሳንቆጥር ማለት ነው። በዚያ ላይ ቤት ኪራይ አለ፣ የሚረዳ ታናሽ አለ፣ አገር ቤት ለእናት የሚላክ አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው የማታና የቅዳሜ ትምህርት ቅንጦት አይደለም። እሱ ከሌለ ዲግሪው ራሱ የለም።

ሌላም ነገር አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ልጅ እንዲህ ሲያንስ፣ የግል ኮሌጆች ፊታቸውን ወደ ሠራተኛው፣ ከቴክኒክና ሙያ ወደመጣው፣ እንደ እኔ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ወደሚፈልገው ቢያዞሩ አይገርምም። ገበያው ወደ እኛ መጥቷል። ገበያ ሲመጣባችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቁት ሚዛኑን ነው።

ሚዛኑ ይኸው

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ መግለጫ ላይ ኢሲቲኤስ የሚባል መለኪያ አለ። ተማሪው ለአንድ ኮርስ በጠቅላላ የሚያወጣውን ጊዜ ይለካል፤ ክፍል፣ ላብ፣ ንባብ፣ አሳይመንት፣ ሁሉንም። የተለመደው ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ነው፤ ይህም 135 ሰዓት ነው። በ16 ሳምንት ስናካፍለው በሳምንት ስምንት ሰዓት ከግማሽ ገደማ ይሆናል። በሴሚስተር አራት ኮርስ ብትወስዱ በሳምንት ወደ 34 ሰዓት መጣ።

አሁን ሥራውን እንጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይገድባል። 48 እና 34፣ 82። ሳምንቱ በጠቅላላው 168 ሰዓት ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ብትተኙ 49 ሄደ። የቀረው 37 ነው። ለታክሲ ሰልፍና ለመንገድ በቀን ሁለት ሰዓት ብንይዝ፣ በስድስት የሥራ ቀን 12 ሄደ። 25 ቀረ። ይህ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ለመብላት፣ ለመታጠብ፣ ልብስ ለማጠብ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ፣ ለልቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለታመመ ዘመድ፣ ዝም ብሎ ጣሪያ ለማየት። ሁሉም ከዚያች ሦስት ሰዓት ተኩል ነው የሚወጣው።

እንግዲህ «ትርፍ ጊዜ» የሚባለው የቱ ጋ ነው?

በክፍላችን አንዲት እናት አለች። ልጇ ሦስት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ስትገባ እንጀራ ጋግራ፣ ልጁን አጥባ፣ ለእህቷ አስረክባ ነው። እኔ ከእንቅልፌ ተነስቼ በቀጥታ ነው የምመጣው። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ክፍያ ነው የምንከፍለው፣ አንድ ዓይነት አሳይመንት ነው የሚሰጠን። የሰዓት ክፍያችን ግን አንድ አይደለም። የእሷ 25 ሰዓት ገና ሳይጀመር አልቋል። ለእሷ «ጎበዝ፣ በርቺ» ማለት ቀላል ነው። የሚጠቅማት ግን በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ እንድትወስድ የሚፈቅድ፣ ክፍያውንም በዚያው ልክ የሚቀንስ ተቋም ነው።

እንግሊዝ አገር ያለው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ነገር አንጋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበለ። ኮምፒውቲንግና አይቲን ጨምሮ በርቀት ያስተምራል። ለሠራተኛ ተማሪ የሚነግረው ነገር ግልጽ ነው፦ በትርፍ ሰዓት ከተማራችሁ በሳምንት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያስፈልጋችኋል፤ በዚህ አካሄድ ዲግሪው የሚያልቀው በ6 ዓመት ገደማ ነው። በቃ። በሦስት ዓመት ያልቃል ብሎ አይቀባባም። የእኛን ሒሳብ ወደ ሁለት ኮርስ ስታወርዱትም በሳምንት 17 ሰዓት ነው የሚመጣው። ይህን ስታዩ ሚስጥር እንደሌለው ይገባችኋል። ጊዜው ይረዝማል ወይም ሳምንቱ ይከብዳል። ሦስተኛ መንገድ የሚሸጥላችሁ ሰው፣ ከትምህርቱ ላይ ቆርጦ ነው የሚሸጥላችሁ።

ሒሳቡ ለምን ኮምፒውተር ላይ ይከብዳል?

«ማኔጅመንትም አካውንቲንግም በማታ ይማሩት የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይማሩታል። እኔም የኢኮኖሚክስ ዲግሪዬን ሳስታውስ፣ አንዳንድ ኮርስ ፈተና ሲደርስ ሃንዳውት ይዞ ሦስት ሌሊት በማንበብ የሚታለፍ ነበር። ፕሮግራሚንግ ግን እንደ ብስክሌት ነው፤ ስለ ብስክሌት ሃንዳውት አንብቦ የነዳ ሰው የለም። ኮዱን መጻፍ፣ ስህተቱን ማየት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መፋጠጥ፣ መጨረሻ ላይ የጎደለችው አንዲት ነጠላ ሰረዝ መሆኗን ማወቅ ያስፈልጋል። ያ ሁለት ሰዓት የባከነ ይመስላል። ትምህርቱ ግን እሱ ነው።

ኮርሶቹ ደግሞ እንደ ደረጃ ተደራርበው ነው የሚመጡት። የመጀመሪያውን ፕሮግራሚንግ ሳይገባችሁ ኦብጀክት ኦሪየንትድ መጣ። እሱ ሳይገባ ዳታ ስትራክቸር መጣ። እሱ ሳይገባ አልጎሪዝም። አንዱን ደረጃ በ«ሲ» ዘለላችሁ ማለት፣ ከላይ ያሉትን ሁሉ በአየር ላይ ነው የምትረግጡት። አሁን ደግሞ አሳይመንቱን ቻትጂፒቲ ይሠራዋል። ውጤቱ ያምራል፣ መምህሩ 10 ከ10 ይሰጣል፣ ሁላችንም ደስ ይለናል።

ከዚያ የመውጫ ፈተና ይመጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ደግሞ መፈተን ይችላል፤ እስኪያልፍ ግን ዲግሪውን አይወስድም። ፈተናው «አንተ የማታ ነህ፣ አንቺ የርቀት ነሽ» አይልም። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ዳታ ስትራክቸሩም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም፣ ዳታቤዙም፣ ኔትወርኩም አንድ ነው። ላብ ውስጥ ሙሉ ሳምንት የዋለውም፣ ወር በገባ ቅዳሜ ብቻ የመጣውም አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ቻትጂፒቲ ደግሞ በር ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት ሲወጣ የግል ተቋማት ተማሪዎች የማለፍ ምጣኔ ከመንግሥት ተቋማት በእጅጉ ዝቅ ያለ ነበር። እዚህ ላይ ግን ቸኩለን አንፍረድ። መንግሥት ተቋም የሚገባው ተማሪ ከመነሻው በፈተና ተመርጦ የገባ ነው፤ የግሉ ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ውሎ የሚመጣ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «የግል ትምህርት ቤት አያስተምርም» ማለት የኢኮኖሚክስ መምህሮቼን ያስቆጣል። ልዩነቱ ከተማሪው ነው፣ ከተቋሙ ነው ወይስ ከሰዓቱ ነው የሚለውን ለመለየት፣ ውጤቱ በመደበኛ፣ በማታ፣ በቅዳሜና እሁድና በርቀት ተለይቶ፣ በየተቋሙና በየትምህርት ክፍሉ ለሕዝብ መለጠፍ አለበት። ተመዝጋቢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማየት ያለበት ቁጥር ይህ ነው።

ላቡ ቅዳሜ ለምን ይዘጋል?

ስሙን የማልጠራው የምማርበት ተቋም ሁለት ጥሩ የኮምፒውተር ላብ አለው። ማሽኖቹ አይከፉም። ችግሩ የላብ ቴክኒሻኑ የሥራ ቀን ከሰኞ እስከ አርብ መሆኑ ነው። የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ተማሪ ነን፤ ላቡ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ያርፋል! መምህሩ ቁልፍ ካገኘ ይከፈታል፣ ካላገኘ ኮዱን በማርከር ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጽፍልናል፣ እኛም በስልካችን ፎቶ አንስተን ወደ ቤት እንሄዳለን። ቤተ መጻሕፍቱም በዚያው ሰዓት ይዘጋል። ሬጅስትራሩ ጉዳይ ያለው ተማሪ በሥራ ቀን ይምጣ ይላል። በሥራ ቀን መምጣት ብንችል ኖሮ የቅዳሜ ተማሪ እንሆን ነበር ወይ?

ይህን የማነሳው ለማማረር ብቻ አይደለም፤ ነገሩ የሚያሳየው ነገር ስላለ ነው። ብዙ ቦታ «ፍሌክሰብል» የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሌክቸር ሰዓት። ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ለቀን ተማሪ እንደተሠራ ነው። መደበኛ ተማሪ ግቢ ውስጥ ሲኖር መብራቱን፣ ኢንተርኔቱን፣ ማሽኑን፣ አጠገቡ ተቀምጦ «እስቲ አሳየኝ» የሚለውን ጓደኛ፣ ሰዓት የሚያስከብረውን ደወል ሳይቀር ግቢው ነው የሚያቀርብለት። እኛ ቤታችን ስንሄድ ያ ሁሉ ወጪ ወደ እኛ ኪስና ወደ እኛ ፈቃድ ይዛወራል። ክፍያው ግን በዚያው ልክ አልቀነሰልንም።

ስልክ ይበቃል ወይ?

ይህን ጽሑፍ አብዛኞቻችሁ በስልክ ነው የምታነቡት፤ ስለዚህ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ለመጀመር ይበቃል። ሌክቸር አውርዶ ታክሲ ውስጥ ማየት ይቻላል። ፓይተን በስልክ አፕ ወይም በብራውዘር መለማመድ ይቻላል። የኤስኪውኤል ጥያቄ መጻፍ ይቻላል። ዲስክሪት ማቲማቲክስ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው፤ እንዲያውም ስልኩ ቢጠፋ ይሻላል።

ለመጨረስ ግን አይበቃም። የአንድሮይድ አፕ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ትንሹ የሚጠይቀው 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭኖ ማፍረስና መልሶ መጫን፣ የኔትወርክ ልምምድ፣ ብዙ ፋይል ያለው ፕሮጀክት፣ እነዚህ ላፕቶፕ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በጀታችሁን ስትይዙ የሴሚስተር ክፍያውን ብቻ አትያዙ። ላፕቶፑን፣ የዳታ ፓኬጁን፣ መብራት ሲጠፋ የምትሄዱበትን ቦታ ቡና ሒሳብ ሳይቀር ደምሩበት።

የውጭው ኦንላይን ዲግሪስ?

«ታዲያ እነዚህን ትቼ በኦንላይን የውጭ ዲግሪ ብይዝስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ወጣቶች ዘንድ በደንብ የሚታወቀው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ፣ በአሜሪካ ዕውቅና ያለው፣ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም ነው። የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም ይባላል፣ እውነት ነው። ግን ለማመልከቻ 60 ዶላር፣ ከዚያም ለየኮርሱ የምዘና ክፍያ አለ፤ ለዲግሪው 40 ኮርስ ያስፈልጋል። የለንደን ዩኒቨርሲቲም ከ2019 ጀምሮ በኮርሴራ በኩል የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ ክፍያው በእኛ ኪስ የሚቻል አይደለም።

ዶላር ላይ ቆም በሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያቺ 60 ዶላር ያኔ ወደ 3,400 ብር ነበረች። በወራት ውስጥ ዶላሩ ከ120 ብር አለፈ፤ ያቺው 60 ዶላር ከ7,200 ብር በላይ ሆነች። ትምህርቱ አልተለወጠም፣ ተማሪው አልተለወጠም፣ ደመወዙም ብዙ አልተለወጠም። ዲግሪ በዶላር እየከፈለ በብር የሚኖር ሰው የምንዛሪውን አደጋም አብሮ እንደተሸከመ ማወቅ አለበት። ከውጭ ዘመድ የሚከፍልለት ወይም ሥራው በዶላር የሆነ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ኔትወርኩ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ በነበረበት ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አማራ ክልል ውስጥ ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጧል። የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ የማስረከቢያ ቀን ደግሞ የደሴን ወይም የመቀሌን ሁኔታ አያውቅም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት «ኔትወርክ ቢቋረጥ ሴሚስተሩን ያለ ቅጣት ማቋረጥ እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ዲግሪውን ይዛችሁ እዚህ አገር ሥራ የምትፈልጉ ከሆነም፣ የአቻ ግምቱን ነገር ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አጣሩ። ካለቀ በኋላ መጠየቅ ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ ሽማግሌ መላክ ነው።

ከዲግሪ ውጭ ያለውም ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ ነው፤ የሃርቫርዱ ሲኤስ ፊፍቲም በነፃ ይገኛል። ሰርተፊኬት ግን ዲግሪ አይደለም። «ቢኤስሲ ያለው» ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሰርተፊኬቱን አይቶ አያልፍላችሁም። በነፃ መጀመርና መጨረስም ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ የተባለው ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት የሃርቫርድንና የኤምአይቲን የኦንላይን ኮርሶች አይቶ፣ በ2017-18 ከጀመሩት ውስጥ የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ለማረጋገጫ ሰርተፊኬት ከከፈሉት ግን 46 በመቶ ጨርሰዋል። ገንዘቡ ጎበዝ አድርጓቸው ነው ማለቴ አይደለም፤ ቆርጦ የተነሳው ነው የሚከፍለው። ይሁንና ከከፈሉትም ከግማሽ በላዩ አልጨረሱም። ልቤ አለ ማለትና ሰዓት አለኝ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ነፃዎቹን ኮርሶች ግን ለአንድ ነገር እመክራችኋለሁ፤ ራስን ለመፈተን። የሴሚስተር ክፍያ ከማውጣታችሁ በፊት አንዱን ጀምሩና ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ስምንት ሰዓት ያዙት። ሥራችሁን ሳትለቁ፣ ልቅሶውንም ሳትቀሩ። ይህ የአንድ ኮርስ ክብደት ነው። ከቻላችሁት ሁለት ኮርስ መሞከር ትችላላችሁ። ካልቻላችሁት ደግሞ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ሳምንታችሁ ሞልቷል ማለት ነው። ይህን በነፃ ማወቅ በ40 ሺህ ብር ከማወቅ ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት

ምዝገባ ቢሮ ስትሄዱ የምትቀበላችሁ ልጅ ትሁት ናት፣ ብሮሹር ትሰጣችኋለች። ብሮሹሩን ተቀበሉና እነዚህን ጠይቁ።

ዕውቅናው ለዚህ ፕሮግራም፣ ለዚህ ካምፓስና ለዚህ የትምህርት ዓይነት ነው ወይ? ዕውቅና በጅምላ አይሰጥም። አንድ ኮሌጅ ለመደበኛው ኮምፒውተር ሳይንስ ዕውቅና አለው ማለት ለርቀቱ አለው ማለት አይደለም። መልሱን ከኮሌጁ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ።

ላቡ እኛ በምንመጣበት ሰዓት ክፍት ነው ወይ? ማን ይከፍተዋል? ከተቻለ በዚያው ቅዳሜ ሄዳችሁ በሩን ግፉት።

በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ መውሰድ እችላለሁ ወይ፣ ክፍያውስ በኮርስ ነው ወይስ በጅምላ?

ባለፈው ዓመት ከዚሁ ፕሮግራም የመውጫ ፈተና የተቀመጡት ስንት ናቸው፣ ያለፉትስ? «ጥሩ ነው» መልስ አይደለም። ቁጥር ጠይቁ።

ለተቋማቱም አንድ ቃል አለኝ። ለላብ ቴክኒሻን የቅዳሜ አበል መክፈል ለአንድ ወር የቴሌግራም ማስታወቂያ ከምታወጡት አይበልጥም። ለባለሥልጣኑም እንዲሁ፦ ዕውቅና ስትሰጡ የመምህራኑን የትምህርት ማስረጃና የማሽኑን ብዛት ትቆጥራላችሁ፤ ማሽኑ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚበራም ቁጠሩልን። አሠሪዎች ደግሞ «ዲግሪ ያለው» እያላችሁ ማስታወቂያ የምታወጡ ከሆነ፣ ዲግሪውን እየተማረ ያለውን ሠራተኛችሁን በፈተና ሳምንት ሁለት ቀን ብትለቁት ድርጅታችሁ አይፈርስም።

ለእኛ ለተማሪዎቹ ደግሞ፣ የሳምንቱ 168 ሰዓት ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል የተሰጠ ብቸኛው ሀብት ነው ይባላል። እንጀራ የምትጋግረዋን የክፍሌን እናት ካየሁ ወዲህ ይህን አባባል አላምንበትም። ሰዓት እኩል አልተከፋፈለም። ስለዚህ የአንዱ «እኔ በአራት ዓመት ጨረስኩ» ለሌላው መለኪያ አይሁን። በስድስት ዓመት፣ በሰባት ዓመት የተያዘ፣ ግን ኮዱን በራሱ እጅ የጻፈ ሰው ዲግሪ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው አራት ዓመት አስከፍሎ፣ ላቡን ቆልፎ፣ ለመውጫ ፈተናው «በርቱ» ብሎ መላክ ነው።

የዘንድሮው ምዝገባ ሳያልቅ አንድ ወረቀት አውጡና የራሳችሁን ሳምንት ደምሩ። ሥራ፣ መንገድ፣ እንቅልፍ፣ ቤተሰብ። ከሥሩ የቀረውን ቁጥር ለስምንት ተኩል አካፍሉት። የሚመጣው መልስ በዚህ ሴሚስተር መውሰድ የምትችሉት የኮርስ ብዛት ነው። አንድ ከሆነም አንድ ውሰዱ።